ለሁለት ሰው የተሠራ የዶሮ ቤት

አናጢ የሠራው ሥራ ሲነቀፍበት አይወድም። እኔ ደግሞ ከማንም የባሰ አልወድም፤ ደንበኛ በሩ ይንጫጫል ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን በኃይል እንደዘጋው ነው። ዛሬ ግን በገዛ አፌ የራሴን ጥፋት ላወራ ነው። በዚህች በአዳማ ከእጄ ከወጣው ሁሉ፣ በሩም፣ አልጋውም፣ የሬሳ ቃሬዛውም ሳይቀር፣ እንደ እማማ ቡዜ የዶሮ ቤት ያናደደኝም ያሳፈረኝም የለም።

እማማ ቡዜ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ፣ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው የእግር መንገድ አቅራቢያ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ኦቦ ሰንበታ ሐዲዱ ሲዘረጋ የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ ተብሎ ሲጨፈር እሳቸው መተሐራ ላይ በወባ ቀሩ። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ዘርፉ የምትባል። እሷንም አንድ የባቡር ሠራተኛ አግብቶ ድሬዳዋ ወሰዳት። እንግዲህ ሐዲዱ ባልንም ልጅንም ወስዶባቸዋል ማለት ነው። ባቡሩን አንድ ቀን ሲረግሙ ግን ሰምቼ አላውቅም። ጩኸቱ ሲሰማ የያዙትን ትተው ደጅ ይወጣሉ፤ ከጣቢያው የሚመጣውን መንገደኛ አንድ በአንድ ያዩና ተመልሰው ይገባሉ።

ዘርፉ ስትሄድ የተወችው ዶሮዎቿን ነው። ከጫጩትነታቸው ጀምራ ያሳደገቻቸው ገብስማ ዶሮዎች ነበሩ። «እስክመጣ ጠብቂልኝ» ብላ ባቡር ላይ ወጣች። ነገሩን ለመሰናበቻ ያህል እንዳለችው ማንም ይረዳል፤ እማማ ቡዜ ግን አደራ አድርገው ያዙት። ስድስት ዓመት ሙሉ እናት ዶሮዋ ስታረጅ ልጆቿ እየፈለፈሉ፣ የገብስማዎቹ ዘር ሳይቋረጥ ቆየ። ቀን በግቢው ይጭራሉ፤ ሲመሽ እንደ አገሩ ልማድ ቤት ገብተው፣ ከእማማ ቡዜ መኝታ በላይ በተጋደመው ቆጥ ላይ ይሰፍራሉ። እኔም ሥራ ውዬ ስመለስ በዚያ ሳልፍ፣ እማማ ቡዜ ዶሮዎቹን በኦሮምኛ እየተቆጡ ቦታ ቦታቸውን ሲያስይዟቸው እሰማለሁ። ከሰው ጋር የሚጣሉ ይመስል ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ፈንግል ገባ። ፈንግል የገባበት መንደር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ ጠዋት አንገቷን ያዘነበለች ዶሮ ማታ የለችም። ብዙ ሰው ዶሮዎቹ ገና ሳይታመሙ አርዶ በላ። እማማ ቡዜ ግን ቢላዋ አላነሡም። ከሃያ ስምንት ዶሮ ሰባት ተረፈላቸው፤ ስድስት እንስትና አንድ አውራ። እነዚያን ሰባት ዶሮዎች የሚያዩበት ዓይን አሳዘነኝ። እነሱ ካለቁ ዘርፉ ስትመለስ ምን ብለው ሊቀበሏት ነው?

እኔ ደግሞ አሳዝኖኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ካዘንኩ መምከር እጀምራለሁ። በዚያን ጊዜ ጣቢያው አጠገብ ምግብ ቤት ለከፈተ አንድ ግሪክ ጠረጴዛ እሠራ ነበር። የግሪኩ ዶሮዎች ከጓሮው ሣር ላይ፣ ወለል በሌለው ትንሽ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ቤቱን በየጠዋቱ አንሥተው ወደ ንጹሕ ሣር ያዛውሩታል። ዶሮዎቹ አዲስ ትል፣ አዲስ ሣር ያገኛሉ፤ ኩሳቸው ላይ አይተኙም። በዚያ ፈንግል አንዲት አልሞተችበትም።

«አካም ቡልታኒ፣ እማማ?» ብዬ እንዴት እንዳደሩ በቋንቋቸው እየጠየቅሁ በማግሥቱ ገባሁ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። አንተስ ደሊል፣ ልጆቹ ደኅና አደሩ?»

«ደኅና ናቸው። እማማ፣ እነዚህን ዶሮዎች ከቤት ማውጣት አለብዎት። ቆጡ ቅንቅን ብቻ ነው። እርስዎንም ያሳክክዎታል፣ እነሱንም ይገድላቸዋል። የሚንቀሳቀስ ቤት ልሥራልዎት።»

ቆጡን ቀና ብለው አዩ። «እነሱ ከወጡ ቤቴ ውስጥ ማን ይተነፍሳል?» አሉኝ።

ሳቅሁባቸው። አዎ፣ ሳቅሁ። እኔ ቤት ስድስት ልጅ አለ፤ ሚስቴ በድሪያ ከድስቱም ከልጆቹም ጋር እኩል ነው የምትጣላው። ዝምታ የሚባል ነገር ባገኝ ተሸክሜ ቤቴ አስገባው ነበር የምል ሰው ነኝ። «የእርስዎ ትንፋሽ ይበቃል» አልኳቸው፣ እንደ ትልቅ ቀልድ። አልሳቁም። ቆይተው ግን፣ «ለዘርፉ እንዲተርፉ ከሆነ ይሁን» አሉ።

መጀመሪያ የሞከርነው ትልቅ ቅርጫት ነው። ሰፊ አፍ ያለው ቅርጫት አሰፋንና ዶሮዎቹ ላይ ደፋንባቸው። ቀላል ነው፤ በአንድ እጃቸው ያነሡታል። ታዲያ የአዳማን ነፋስ የረሳሁት ምን ሆኜ እንደሆነ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቅርጫቱን አንሥቶ እስከ ሐዲዱ ድረስ አንከባለለው። ዶሮዎቹን ከቅንጭብ አጥር ውስጥ ስናወጣ እጄ ተቦጫጨረ። ደግመን በድንጋይ ጫን ብናደርገው ደግሞ ሸለምጥማጥ ጠርዙን ቆፍሮ ገባና አንዲቱን ይዞ ሄደ። እማማ ቡዜ ላባዋን አንድ በአንድ ከመሬት ለቀሙ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ በሁለተኛው ጠንካራ ነገር ልሥራ አልኩ። ከሐዲዱ የተጣለ ወፍራም እንጨት ነበረኝ። ወለል ያለው፣ በር ያለው፣ ሸለምጥማጥ አይደለም ጅብ የማይደፍረው ቤት ሠራሁ። ከሥሩ ሁለት ረጃጅም እንጨት አደረግሁለት፣ እንደ ግንድ እንዲጎተት። ግን ማን ይጎትተው? ጎረቤታቸው ሱሩር በሬ አለው፤ ለመንነውና መጣ። ለስድስት ዶሮ በሬ ሲጠመድ ያየ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ ሳቀብኝ። በሬው አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርገው ዶሮዎቹ በውስጡ ተገለባበጡ፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ቀን ዕንቁላል የሚባል አልጣሉም። ሱሩርም በሬውን ፈትቶ፣ «ደሊል፣ ለጫጩቶቹ ደግሞ ግመል ታመጣለህ» ብሎኝ ሄደ። እስከ ዛሬ በዚህ ይተርበኛል።

በሦስተኛው ተጠበብኩ። ከጅቡቲ ላምባ የሚመጣበትን ሣጥን ሰብስቤ ስስ ሳንቃ አወጣሁ። ርዝመቱ አንድ ሰው ተጋድሞ የሚተኛበት፣ ወርዱ የክንዴ ያህል። ጎኑን በቀጭን ልምጭ ጠለፍኩት፣ አየር እንዲያገኙ። ግማሽ ጣራውን በሣር ከደንኩ፤ የአዳማ ፀሐይ በቀትር ዶሮ ይገድላል። በተከደነው በኩል፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ፣ የሚሰፍሩበት ዘንግ አጋደምኩ። ወለል የለውም፤ በግርጌው ግን ዙሪያውን ወደ ውጭ የተነጠፈ ሳንቃ አደረግሁ፣ ቆፍሮ የሚመጣ አውሬ እንዳይገባ። ማንሻው ደግሞ እንደ ቃሬዛ ነው፤ ከፊት ሁለት እጀታ፣ ከኋላ ሁለት እጀታ። ቀላልም ነው፣ ነፋስም አይገለብጠውም። ስጨርስ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት፤ ራሴን ወደድኩት።

«ይኸው!» አልኩና የኋላውን ጫፍ ያዝኩ። እማማ ቡዜ የፊቱን ያዙ። ብድግ አደረግነው፤ ዶሮዎቹ በእግራቸው አብረውን እየተራመዱ የቤቱን አንድ ርዝመት ያህል ወደፊት ሄድንና አስቀመጥነው። ወዲያው መጫር ጀመሩ። እማማ ቡዜ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነገስ?» አሉ።

«ነገ ደግሞ ወደዚያ ያዛውሩታል።»

«እኮ፣ ነገ ሌላውን ጫፍ ማን ይይዝልኛል?»

ሰው ቤት ለመሥራት ስሄድ ጣሪያውንም ግድግዳውንም እለካለሁ፤ ስንት ሰው እንደሚኖርበት መጠየቅ ግን አልለመድኩም። እኔ ቤት አንድ ነገር ይነሣ ሲባል ስድስት እጅ ይሻማበታል። ቃሬዛም የማውቀው ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ነው፤ ያን ጊዜ ተሸካሚ ይተርፋል እንጂ አይጎድልም። በደኅናው ቀን፣ ተራ በሆነ ጠዋት፣ ሁለተኛ ሰው የሌለበት ግቢ መኖሩን ሳላስብ ቀረሁ።

«እኔ እይዛለሁ» አልኩ፣ ከኃፍረቴ ብዛት።

እንዲህ ሆነና በየጠዋቱ ሱብሒ ሰግጄ ወደ ሥራ ስሄድ በእማማ ቡዜ በኩል እዞር ጀመር። «ዛሬ ወዴት ነው?» እላለሁ። እሳቸው በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ወደ ግራሯ ዛፍ» ወይም «ወደ ቅንጭቡ» ይላሉ። አንሥተን አንድ ርዝመት እንሄዳለን። ሥራው ይህችን ታህል ናት። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። እጀታው ሻከረኝ ይላሉ፤ እጃቸው እንደ ቆዳ የጠነከረ ሴት! መላጊያ አንሥቼ እልገዋለሁ። በሩ አልገጠመም ይላሉ፤ ገጥሟል። ዘርፉን በሕልሜ አየኋት ይላሉ፤ ሕልሙ ካለፈው ሳምንት ሕልም አይለይም። እኔ ደንበኛ እየጠበቀኝ መዶሻዬን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛውራለሁ። ስንት ጊዜ እያወሩኝ ዞሬ እንደሄድኩ አልቆጠርኩም።

ዶሮዎቹ ግን በዙ። ላባቸው አንጸባረቀ፤ ሁለቱ ታቅፈው ጫጩት አወጡ። ዓመቱ ዞሮ ፈንግል ሲመለስ እኛ ግቢ አልደረሰም። እኛ ግቢ ስል ሰምታ በድሪያ ሳቀችብኝ።

በሁለተኛው ዓመት በሚያዝያ ሞጆ ላይ ትልቅ ሥራ መጣልኝ፤ አንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ሊያሠራ ነው፣ አራት ወር ያህል ይፈጃል። የዶሮ ቤቱን ምን ላድርገው? እንግዲህ ብልኅነቴ እዚህ ላይ ነው። አንድ መንኮራኩር ሠራሁ። በእኔ በኩል ያሉትን ሁለት እጀታዎች በመጋዝ ቆረጥኩና በቦታቸው መንኮራኩሩን ገጠምኩት። አሁን እማማ ቡዜ የራሳቸውን ጫፍ ብቻ አንሥተው ገፋ ቢያደርጉት ይሄዳል። ሞከሩት። ሄደ።

«አያችሁ!» ብዬ ጮኽኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። «ከእንግዲህ ማንንም አይጠብቁም።»

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ። መሬት ላይ የወደቁትን ሁለት የተቆረጡ እጀታዎች አጎንብሰው አነሡና ወደ ቤት ይዘዋቸው ገቡ። ለማገዶ ነው ብዬ አሰብኩ።

ማታ በድሪያ፣ «ደስ አላቸው?» አለችኝ።

«ለምን አይላቸው?» አልኳት።

ከሞጆ የተመለስኩት መስከረም ሲጠባ ነው። በማግሥቱ ጠዋት፣ እግሬ ስለለመደው ነው መሰለኝ፣ በእማማ ቡዜ በኩል አዞረኝ። ግቢው ውስጥ የዶሮ ቤቱ የለም። መሬቱን አየሁ። የዶሮ ቤት ያረፈበት ሣር ለቀናት ይታወቃል፤ የተጫረው፣ የበቀለው፣ ገና ሊበቅል ያለው፣ እንደ ተነጠፈ ሰሌን በተርታ ይታያል። ተርታው ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ፣ በቅንጭቡ ክፍተት ወጥቶ፣ ወደ መንገዱ ይሄዳል። የመንኮራኩር ፈለግ ግን አንድም ቦታ የለም።

ተከትዬው ሄድኩ። የዶሮ ቤቱ ከጣቢያ የሚመጣው ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሟል። እማማ ቡዜ በራሳቸው ጫፍ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው፣ ሁለቱን እጀታ ይዘው ቆመዋል። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ አላዩኝም። በእኔ በኩል ደግሞ ያ መንኮራኩር የለም። በመጋዝ የቆረጥኳቸው እጀታዎች በየቦታቸው ተመልሰው፣ እንደ ተሰበረ እግር በጠፍር ግጥም ተደርገው ታስረዋል።

አንድ ሰው አህያ እየነዳ መጣ። «ልጄ፣ አንዴ ጫፉን ብትይዝልኝ» አሉት። እጁን ለሰላምታ አነሣና አለፈ። ሁለት የሐዲድ ሠራተኞች መጡ። «ልጆቼ፣ አንዴ» አሏቸው። «ስንመለስ፣ እማማ!» ብለው እየተሳሳቁ ሄዱ። እንጨት የተሸከመች ሴት መጣች፤ እሷ ቆማ አዘነችላቸው፣ ግን በጀርባዋ ሸክም ነበርና ሄደች። እማማ ቡዜ እጀታውን አልለቀቁም። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሳያያቸው እንዳያልፍ የፈሩ ይመስላሉ። ከግራሯ ሥር ቆሜ ይህን ሁሉ አየሁ። አራት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ እንዲህ ነበር የቆሙት። እንዲህ እንዲቆሙ ያደረግኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ፤ መንኮራኩር ገጥሜ የጠዋት እንግዳቸውን ነስቼ፣ በራሴ ተደንቄ።

ሄድኩና የኋላውን ጫፍ ያዝኩ። የዶሮ ቤቱ መነቃነቁ ተሰማቸው።

«ዋቅ ይስጥህ፣ ልጄ» አሉ ዞር ሳይሉ። «ሩቅ አይደለም፣ አንድ ርዝመት ብቻ ነው።»

«አካም ቡልታኒ፣ እማማ» አልኩ።

ጀርባቸው ቀጥ አለ። አልዞሩም።

«ሞጆ ሥራው አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

«ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። እማማ፣ መንኮራኩሩ ተበላሸብዎት እንዴ?»

«ምንም አልሆነም። ቆጡ ላይ አስቀምጬዋለሁ።» አሉ፣ ወደ መንገዱ እያዩ። «ዘርፉ በባቡር ሰው ላከችብኝ። ጅቡቲ ገብታለች፤ ሁለት ልጅ ወልዳለች። ከእንግዲህ አትመጣም። ዶሮዎቹን ሽጪያቸው ብላለች።»

ታዲያ ለምን ይለፋሉ፣ ልል አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ምክር የሚፈስበት አፌ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ተመልሶ ተዘጋ። በመካከላችን ዶሮዎቹ ይጫጫሉ፤ አንዲቱ ገብስማ አሥር ጫጩት ይዛ ነበር።

«ዛሬ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

እጃቸው እጀታው ላይ ስለነበር በአገጫቸው አመለከቱ፤ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ወደ ክፍተቱ። «ወደ ቤት» አሉ።

ዞርን፤ አሁን ፊት የምሄደው እኔ ሆንኩ። አንድ ርዝመት ሄደን አስቀመጥን። ያው ያልተሻለኝ ችኮላዬ ነውና፣ «በአንድ ጊዜ እናድርሰው እንጂ፣ ለምን እዚህ እንተወዋለን?» አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉኝ። «በቀን አንድ ርዝመት ነው። አንተው ነህ ያስተማርከኝ።»

እውነታቸውን ነው። መዶሻዬን መሬት ላይ አኖርኩና የዘርፉን ልጆች ስም ጠየቅኋቸው። ከመንገዱ እስከ ደጃቸው አሥራ ሰባት ጠዋት ፈጀብን፤ አንዱንም አልቀረሁም።